ፎገራን በእግር፣ ከላሊበላ ተሳላሚዎች ጋር

ታኅሣሥ ሲጋመስ ከሐሙሲት ወደ ወረታ በሚወስደው አስፋልት ግራና ቀኝ ነጭ የለበሱ እግረኞች መታየት ይጀምራሉ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለት ሦስት ሆነው ነው የሚያልፉት። ገና ሲቃረብ ግን በአሥር በሃያ እየሆኑ ይመጣሉ፤ ሕፃን ያዘለችው፣ ሽማግሌ አባቱን የሚደግፈው፣ መቋሚያ የተመረኮዘው ሁሉ መንገዱን ይሞላዋል። ከአቸፈር፣ ከሜጫ፣ ከይልማና ዴንሳ የተነሡት ባሕር ዳር ላይ ዓባይን ተሻግረው ነው የሚደርሱት። ከጎንደርና ከደምቢያ የሚመጡት ደግሞ በአዲስ ዘመን በኩል አድርገው የርብን ድልድይ ያልፋሉ። ሁለቱም ወገን ወረታ ላይ ይገናኝና ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞራል። ከዚያ ደብረ ታቦር፣ ጋይንት፣ ጋሸና፣ ላሊበላ። ከወረታ ተነሥቶ እንኳ የሚቀረው መንገድ ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል።

ስለ ላሊበላ ገና ብዙ ተጽፏል። አሥራ አንዱን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት፣ ካህናቱ ማሜ ጋራ ላይ ወጥተው ቤዛ ኩሉ የሚሉበትን ሰዓት፣ ከታች ሆኖ የሚመለከተውን ሕዝብ በፊልምም በፎቶም ያላየ የለም። በእግር የሚመጣው ሰው ግን ላሊበላ ሲደርስ ነው ካሜራ የሚያገኘው። እዚያ ያደረሱት ቀናት፣ የረገጠው አፈር፣ ያሳደረው ቤት አይወራላቸውም። ስለዚህ ከዚህ ረጅም ጉዞ አንዷን ቀን ብቻ፣ ያውም ሜዳ ሜዳውን የሚኬድባትን፣ ልጽፋት ወደድሁ።

ከሐሙሲት የተነሣነው ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነው። አብሬያቸው የሄድሁት ከሰሜን አቸፈር የመጡ ሰዎች ነበሩ፤ አንዲት መነኩሲት፣ ሁለት እናቶች፣ ጥቂት ጎልማሶችና አንድ የቆሎ ተማሪ። የታኅሣሥ ሌሊት በፎገራ ሜዳ ላይ አጥንት ድረስ ይዘልቃል፤ ከጣና በኩል የሚመጣው እርጥበት ጋቢውን ያቀዘቅዘዋል። ተማሪው ከፊት ሆኖ ውዳሴ ማርያም ይደግማል፤ የሚያውቁት ከኋላ ይቀበሉታል። የማያውቁት ዝም ብለው ይራመዳሉ። በመካከሉ የሚሰማው ኮንጎ ጫማ አስፋልት ሲነካ ብቻ ነው።

የእናቶቹን ስንቅ አይቻለሁ። በማዳበሪያ ከረጢት የተቋጠረ በሶ፣ በፌስታል ዳቦ ቆሎና የሽምብራ ቆሎ፣ በትንሽ ጨርቅ የተቋጠረ ጨውና በርበሬ። ውኃ መያዣው የሃይላንድ ላስቲክ ነው፤ ቅል የያዙት መነኩሲቷ ብቻ ናቸው። ወቅቱ ጾመ ነቢያት ስለሆነ ከዚህ ስንቅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ የሚነካ የለም። እማሆይን ይህን ሁሉ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ እንዴት እንደሚችሉት ብጠይቃቸው፣ «ልጄ፣ እግር እህል አይደለም የሚፈልገው፤ አሳብ ነው የሚፈልገው። ያሰብኸው ካለ ትሄዳለህ» አሉኝ። ሰባ ዓመት እንደሚሆናቸው ነገሩኝ። በመኪና ለመሄድ የሚሆን ገንዘብ ልጆቻቸው ሰጥተዋቸው ነበር። ገንዘቡን ለቤተ ክርስቲያኑ ጧፍና ዕጣን ይዘውት ነው በእግር የወጡት።

ጉማራ ድልድይ ላይ ነጋልን። ጉማራ በዚህ ወር ሲያዩት የዋህ ወንዝ ነው፤ በተቆራረሰው ዳርቻው መካከል ዝቅ ብሎ ይፈሳል። በግራና በቀኝ የቆሙት የውኃ ሞተሮች ገና ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው ሽንኩርትና ቲማቲም ያጠጣሉ። ከርብ ጋር ሁለቱም የሚነሡት ከጉና ተራራ ነው፤ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወርደው 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወደሚተኛው ሜዳ ይገባሉ። ሜዳው ከጣና የውኃ ወለል ከፍ የሚለው በጥቂት ሜትሮች ብቻ ስለሆነ ክረምት ላይ ውኃው መሄጃ ያጣል። ከላይ ጎርፍ ይመጣል፣ ከታች ሐይቁ ሞልቶ ይገፋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የሆነውን የፎገራ ሰው ዛሬም ያስታውሰዋል፤ ብዙ ሰው ከቤቱ ተፈናቅሏል፣ ከብትና እህል ተወስዷል። እኛ በደረቀ ዋልካ ላይ እንደ ልብ የምንራመድበት ይህ መሬት በነሐሴ ቢሆን ጉልበት ድረስ የሚውጥ ረግረግ ነው። የገና ተሳላሚ በፎገራ በኩል ለማለፍ የሚችለው በዓሉ የሚውለው በበጋ ስለሆነ ነው።

ፀሐይ ስትወጣ ሜዳው ሁሉ የሩዝ ክምር ሆኖ ተገለጠ። አጨዳው አልቆ ውቂያው ደርሷል። በሬዎች አውድማ ላይ ይዞራሉ፤ ነዶ የሚያቀርቡት ልጆች ተሳላሚውን ሲያዩ ሥራቸውን ትተው ወደ መንገዱ ይሮጣሉ፤ ትልልቆቹ ባሉበት ሆነው «ለእኛም ጸልዩልን!» ይላሉ። «እሺ፣ ስማችሁን እንጥራ» ሲባሉ የክርስትና ስማቸውን ከማዶ እየጮኹ ይናገራሉ። ተማሪው ደብተር አውጥቶ ይጽፋል። ከጉማራ እስከ ወረታ ብቻ ሁለት ገጽ ሞላ። እነዚያ ስሞች ላሊበላ ድረስ ይሄዳሉ፤ ባለቤቶቹ ግን ሩዛቸውን እየወቁ እዚያው ናቸው።

ሩዝ ለፎገራ የድሮ እህል አይደለም። በደርግ ዘመን በገበሬዎች አምራች ማኅበራት በኩል፣ በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ ነው የገባው። ውኃ የሚተኛበት መሬት ለጤፍ አይመችም ነበር፤ ሩዙ ግን ያንኑ ውኃ ወደደው። ኤክስ ጅግና የሚሉት ዝርያ በየማሳው ተዳረሰ። ዛሬ ወረታ ከተማ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ የሞላባት ናት፤ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ፎገራ ተቋቁሟል። በዚህ የጠፋም ነገር አለ። ፎገራ ቀድሞ የሚታወቀው በላሞቹ ነበር፤ ረግረጉን የለመዱ፣ ወተታቸው የተመሰገነ የፎገራ ከብቶች። ግጦሹ ወደ ሩዝ ማሳ ሲዞር ከብቱ እየተመናመነ መጣ። አንድ ሽማግሌ በአውድማው ዳር ቆመው «ድሮ ተሳላሚ ሲያልፍ በጾሙ ሰዓት ባይሆን ኖሮ ወተት በጋን ነበር የምናቀርበው። አሁን ሩዝ አለን፣ ወተት የለንም» አሉን። ሩዙ የብዙ ሰው ቤት አቁሟል፤ ያንን ማንም አይክድም። የላሙ ዘር ሲጠፋ ዝም ብሎ ማየት ግን ያሳዝናል፤ አንዴ ካለቀ የሚመልሰው የለም።

ወረታ ስንደርስ ረፋድ ሆኗል። የመገናኛ ከተማ ጫጫታ እንደ ወረታ የሚበረታበት ቦታ ጥቂት ነው። የባሕር ዳሩ፣ የጎንደሩና የወልድያው መንገድ እዚህ ይጋጠማል። ባጃጁ ይጮኻል፣ የጭነት መኪናው መሪውን ይጠመዝዛል፣ ወፍጮ ቤቶቹ የሩዝ ገለፈት አቧራ ይተፋሉ። በዚያ መካከል ከሰሜን የመጡት ተሳላሚዎች ከዛፍ ጥላ ሥር አርፈው አገኘናቸው። የማይተዋወቁ ሰዎች «እንዴት ከረማችሁ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለው ተሳሳሙ፤ ወዲያውም አንድ ቡድን ሆኑ። ከዚያ በኋላ የጎጃሙን ከጎንደሩ መለየት አይቻልም ነበር።

ከእነርሱ መካከል አንድ ከደምቢያ የመጡ ሰው ነበሩ፤ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው ቀጭን ሰው። ሁለት ዱላ ተደግፈው በእግራቸው ጣት ጫፍ ነው የሚረግጡት፤ ጉልበታቸው ተጣብቆ እግሮቻቸው ሲራመዱ እንደ መቀስ ይጠላለፋሉ። ያገሩ ሰው ሲያያቸው መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ጓያ የሰበረው ሰው አረማመዱ ይታወቃል። ሌላው በአንድ ሰዓት የሚሄደውን በሁለት ሰዓት ስለሚሄዱት ሁሉም ሳይነሣ ይነሣሉ፤ ሁሉም ካረፈ በኋላ ይደርሳሉ። እኔም ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ በእርሳቸው እርምጃ ሄድሁት።

ከወረታ ወደ ምሥራቅ ሲወጣ ከመንገዱ ግርጌ ብዙ የጓያ ማሳ አለ። የፎገራና የደምቢያ ገበሬ ጓያን የሚዘራው ዝናቡ ካበቃ በኋላ ዋልካው በያዘው እርጥበት ነው፤ ሌላው ቡቃያ በሚደርቅበት ጓያ ይበቅላል። ችግሩም ያው ነው። ድርቅ ሲመጣ የሚተርፈው እርሱ ብቻ ይሆናል፤ ሰው ለወራት እርሱን ብቻ ይበላል። በፍሬው ውስጥ ያለው ኦዳፕ የሚባል መርዝ ነርቭን ይጎዳል፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያጠቃው ጠንክረው የሚሠሩትን ወጣት ወንዶች ነው። አንዴ ከሰበረ የሚመልስ መድኃኒት የለም። ከሌላ እህል ጋር ቀላቅሎ፣ ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ መብላት ጉዳቱን ይቀንሰዋል፤ በረሃብ ዘመን ግን የሚቀላቀል እህል ከየት ይመጣል? ያገሩ ሰው ጓያ በመብላት ብቻ ሳይሆን በማሳው ውስጥ በማለፍ፣ ሲቀቀል እንፋሎቱ ሰውነት ሲነካ ይሰብራል ብሎም ያምናል። ያ እንኳ አልተረጋገጠም፤ ጉዳቱ ከመብላት ነው። ሆኖም ሰውዬው ለአቋራጭ ብለን በማሳው ጠርዝ ስናልፍ ዱላቸውን ወደ ቡቃያው አላስጠጉም፤ ዞረው ሄዱ። እኛም ዞርን።

«እግርዎን ይማርልዎ ብለው ነው ላሊበላ የሚሄዱት?» አልኋቸው።

ቆም አሉ። መናገርና መራመድ በአንድ ጊዜ አይሆንላቸውም። «አይ ወንድሜ፣ እግሬስ የተሰበረ በልጅነቴ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ያኔ አብረውኝ ከተሰበሩት ብዙዎቹ ለማኝ ሆነው ቀሩ። እኔ አግብቼ፣ ወልጄ፣ በሸማ ሥራ ልጆቼን አሳደግሁ። ላመሰግን ነው የምሄደው። ምስጋና ደግሞ በመኪና ተጭኖ አይሆንም።»

ከላይ እማሆይ ያሉትን እርሳቸውም በሌላ አነጋገር አሉት። በገድለ ላሊበላ ለንጉሡ ተሰጠ የሚባለውን ቃል ኪዳን፣ ላሊበላን የተሳለመ ኢየሩሳሌምን እንደተሳለመ ይቆጠርለታል የሚለውን እምነት፣ ሁለቱም ያውቁታል። ነገር ግን ሁለቱም በረከቱ የሚጀምረው ከቤታቸው ደጅ ነው ብለው ያምናሉ። ለማነጻጸር ያህል፣ በስፔን ሀገር ወደ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ፤ በ2023 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከ4 መቶ ሺህ በላይ ሰው ጉዞውን ፈጽሞ ምስክር ወረቀት ወስዷል። እዚያ በእግሩ የመጣ ሰው ቢያንስ የመጨረሻዎቹን 100 ኪሎ ሜትሮች መሄዱን በየደረሰበት በሚመታለት ማኅተም ማሳየት አለበት። መንገዱ ምልክት አለው፣ የእንግዳ ማረፊያ አለው፣ መጽሐፍ አለው። በእኛ መንገድ ላይ ከወረታ እስከ ላሊበላ ለእግረኛ የተተከለ አንድ ምልክት የለም። ማኅተሙን የሚመታ የለም። ያለው በየቀበሌው በሩን የሚከፍት ገበሬ ነው። መንገዱን መንገድ ያደረገው እርሱ እንደሆነ ያየሁት በዚያች ቀን ምሽት ነው።

ከወረታ የሚወጣውን የወልድያ መንገድ ሰዉ የቻይና መንገድ ይለዋል። ንጉሠ ነገሥቱ በ1964 ዓ.ም. ቻይናን ከጎበኙ በኋላ በተገኘው ብድር ታስቦ፣ በደርግ ዘመን ቻይናውያን ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር የሠሩት 300 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከእርሱ በፊት ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን መድፍ፣ ሴባስቶፖልን፣ ይዘው፣ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ ድንጋይ እያስፈለጡ ገደል እያስቆረጡ በ1860 ዓ.ም. መቅደላ የደረሱት በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ተሳላሚው ግን ከሁለቱም በፊት በዚህ በኩል ይሄድ ነበር። አሁን የእርሱ ድርሻ የአስፋልቱ ጠርዝ ብቻ ናት፤ በብዙ ቦታ ደግሞ ያች ጠርዝም ተበልታ ጎማ ከቦይ ጋር ይገናኛል።

ወደ ዓለም በር አቅጣጫ ስንጠጋ ፀሐይ ከኋላችን ጣና ላይ ወደቀች። ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አውራ አምባ አለ፤ በ1964 ዓ.ም. በዙምራ ኑሩ የተመሠረተው፣ ሃይማኖቱን በተቋም ሳይሆን በመረዳዳት እገልጻለሁ የሚለው ማኅበረሰብ። የተሳላሚው መንገድ በእርሱ ደጅ ማለፉ ደስ ይለኛል።

ጨለማ ሲወድቅ አንድ የጭነት መኪና መጣ። ረጅሙን መብራት አብርቶ ዓይናችንን አጠፋው። ፊት ለፊት ሌላ መኪና ስለነበር ወደ እኛ ጠርዝ ተጠጋ፤ ጥሩምባውን ነፋ እንጂ ፍጥነቱን አልቀነሰም። ወጣቶቹ ዘለው ቦይ ውስጥ ገቡ። ከእናቶቹ አንዷ ያዘለችውን ሕፃን አቅፋ ወደ ጎን ወደቀች። ሁለት ዱላ የያዙት ሰውዬ ግን መዝለል አይችሉም። ባሉበት ቆሙ። ነፋሱ ጋቢያቸውን ገልቦ ወሰደው፤ የግራ ዱላቸው ተንሸራቶ በአንድ ጉልበታቸው ተንበረከኩ። ተማሪው ሮጦ ሲያነሣቸው መጀመሪያ የጠየቁት «ሕፃኗ ደኅና ናት?» ብለው ነው። ደኅና ነበረች። ጋቢውን ከማሳ ውስጥ አነሣንላቸው። ከዚያ ወዲያ ለመሄድ ማንም ድፍረት አላገኘም።

ከመንገዱ ዳር ብርሃን ወደሚታይበት ቤት ዞርን። እማሆይ በአጥሩ ላይ ሆነው «ቤቶች! የመሸብን የእግዜር እንግዶች ነን» አሉ። ውሻው ሲጮህ አንድ ጎልማሳ ባትሪ ይዞ ወጣ፤ ፊታችንን አንድ በአንድ አበራ። ዝም ብሎ ቆየ። ዝምታውን አልፈረድሁበትም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ የሰሜኑ ጦርነት ነፋስ መውጫን አልፎ ወደ ደብረ ታቦር ተጠግቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህም በክልሉ ሰላም ሲጠፋ ሰው በማታ የመጣን እንግዳ መፍራት ተምሯል። በኋላ ባትሪው ዱላዎቹ ላይ አረፈ። «ቤት የእግዜር ነው፤ ግቡ፣ ግቡ» አለ።

ሚስቱ ውኃ አሞቀች፤ ጨው ጨመረችበት። ባልየው ሳፋውን ይዞ ከእማሆይ ጀመረና የሁላችንንም እግር አጠበ። ሁለት ዱላ የያዙት ሰው ጋ ሲደርስ ተቃወሙት፤ «ተው፣ የእኔ እግር አያምርም» አሉ። መልስ አልሰጣቸውም። የተጣበቁትን ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ እያላቀቀ፣ በመካከላቸው የገባውን ዋልካ በአውራ ጣቱ እየጠረገ አጠበ። ተረከዛቸው መሬት ስለማይነካ ለስላሳ ነበር፤ ጣቶቻቸው ሥር ያለው ቆዳ ግን ተሰንጥቆ ደርቋል። እዚያ ላይ የኑግ ዘይት ቀባላቸው።

ማዕድ ቀረበ፤ ሩዝና ጤፍ የተቀላቀለበት እንጀራ በሽሮ። የቤቲቱ እመቤት ሰውዬው እጃቸውን ሲሰበስቡ አየች፤ ወዲያው ገባት። «የሽምብራ ሽሮ ነው፤ ጓያ አልገባበትም፤ አፈር ስሆን ይብሉ» አለቻቸው። በሉ።

ባልየውን ላሊበላ ሄዶ ያውቅ እንደሆነ ጠየቅሁት። «አልሄድሁም» አለ። «ታኅሣሥ ውቂያ ነው፤ መቼ እለቃለሁ? አባቴም አልሄደም። ግን በየዓመቱ የሄዱት እዚህ ያድራሉ።» ይህን ሲል ቅሬታ አልነበረበትም፤ የሄደ ያህል ነበር የሚናገረው። የተማሪውን ደብተር ተቀብሎ የራሱንና የሚስቱን፣ የሞቱትንም የአባቱን ስም አጻፈ።

በማግሥቱ እኔ ወደ ወረታ ተመለስሁ፤ እነርሱ ወደ ደብረ ታቦር ዳገቱን ጀመሩ። ሁለት ዱላ የያዙት ሰው እንደ ልማዳቸው ከሁሉ ቀድመው በሌሊት ወጥተው ነበር።

ዛሬ አብዛኛው ተሳላሚ በአውቶቡስና በሚኒባስ ነው የሚሄደው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። በእግር የሚሄደው ግን አልቀረም፤ ገና በሚውልበት በታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስም በ28፣ ላሊበላ ለመድረስ ቀኑን እየቆጠረ በዚያች ጠባብ ጠርዝ ላይ ነው። በየወረዳው ያሉ የመንገድና የጤና ኃላፊዎች ከወረታ እስከ ጋሸና ድረስ ለእነዚያ ሁለት ሳምንታት ብቻ የውኃ ቦቴና የመጀመሪያ እርዳታ የሚሰጥበት ድንኳን ቢያቆሙ ብዙ አያስወጣቸውም። አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትም አዳራሻቸውን ለአዳሪ ቢከፍቱ ሸክሙ በገበሬው ብቻ አይወድቅም።

አሽከርካሪዎች፣ እናንተን ደግሞ አደራ እላለሁ። በታኅሣሥ በዚያ መንገድ ስትነዱ ከመሸ በኋላ ፍጥነት ቀንሱ፤ ነጭ ልብስ ስታዩ ረጅሙን መብራት ዝቅ አድርጉ፤ ጥሩምባ ከመንፋታችሁ በፊት ፍሬን ያዙ። ከዚያ ሕዝብ መካከል ወደ ቦይ መዝለል የማይችል ሰው አለ።